እርጥብ ሣር የረገጠው ሾፌር

ጓንጉል መኪና መንዳት የተማረው አምና ነው፤ መፍራትን ግን ከእናቱ ሆድ ይዞት ወጥቷል። ዶሮ ክንፏን ስታራግፍ ዘወር ብሎ የሚያይ ሰው ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ምን አግብቶት ካሚዮን ላይ ወጣ ብላችሁ አትጠይቁ፤ ጣሊያን ዲላ ከገባ ወዲህ ሥራውን መርጦ የያዘ ሰው የለም። መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ሲሸከም ከአስመራ የመጣ አንድ ሾፌር አየውና፣ "እጅህ ለድንጋይ ቀጥኗል፣ ና መሪ ጨብጥ" አለው። ጨበጠ። ተፈተነ። የመንጃ ወረቀት ተሰጠው። ከዚያ መንገዱ አለቀ፣ ከመንገዱ ጋር ሥራውም አለቀ።

ከዚያ ወዲያ ዲላ ላይ ጓንጉል ያላንኳኳው የባለ መኪና በር የለም። ሁሉም አንድ ጥያቄ ይጠይቁታል፦ ስንት ዓመት ነዳህ?

"ገና አዲስ ነኝ።"

"እንግዲያው ስታረጅ ና።"

ሳይነዳ እንዴት እንደሚያረጅ የነገረው የለም። አንዱማ "በነፃ ንዳልኝ፣ ልምድ ይሆንሃል" ብሎት ነበር። ልምድ ደግሞ በወጥ አይበላም።

ይህ ሁሉ ባልከፋ። በታኅሣሥ መጀመሪያ ግን የከተማው ጣሊያን ሹም አዋጅ አስነገረ፦ የመንጃ ወረቀት ኖሮት አሠሪ የሌለው ሰው ሁሉ ሰኞ ጠዋት ቀርቦ የጦር ካሚዮን ይረከብ፤ ጥይት ጭኖ ወደ ነገሌ ይውረድ። በዚያ መንገድ ሄደው የተመለሱትን ሾፌሮች ሁሉም ያውቃቸዋል፤ ጥቂት ስለሆኑ ማወቅ አይከብድም። አርበኞቹ ጫካ ውስጥ ሆነው መጀመሪያ የሚያነጣጥሩት በመሪው ላይ ነው። አንድ ባለ መኪና "ሾፌሬ ነው" ብሎ ከፈረመለት ይተርፋል፤ ካልፈረመለት ሰኞ ሬሳ ነው። ጓንጉል እንዲያ ነበር ያሰበው፣ ሬሳ ብሎ።

ዓርብ ጠዋት ሸምሰዲን ሱቅ ሄደ። ሸምሰዲን ቡና ነጋዴ ነው፣ አንዲት ካሚዮን አለችው። ሾፌሩ ኡስማን ከሁለት ሳምንት በፊት ጥይት የመኪናዋን በር በስታ ጭኑ አጠገብ ካለፈች በኋላ ቁልፉን ባንኮኒው ላይ አኑሮ ወደ አገሩ ሄዷል። ቀዳዳው ላይ ጨርቅ ተወትፏል።

"ወላሂ ጓንጉል፣ መኪናዬን ላንተ ከምሰጥ ለአህያ ብሰጥ ይሻለኛል" አለ ሸምሰዲን። "አህያ ቢያንስ መንገዱን ታውቃለች።"

"አህያዋ የመንጃ ወረቀት የላትም፣ ጋሽ ሸምሰዲን።"

ጓንጉል ይህን ተናግሮ በገዛ አፉ ደነገጠ። ሸምሰዲን ግን ሳቀ።

"ገደብ ከተማ የተከመረ ጀንፈል ቡና አለኝ። ዛሬ ሄደህ ነገ ከነቡናው ከመጣህ እፈርምልሃለሁ። ደመወዝህ የኡስማን ግማሽ ነው።"

"ግማሽ?"

"አዲስ አይደለህ? ባይስማማህ ጣሊያኑ ሙሉ ይከፍላል፤ ነገሌ ድረስ።"

ጓንጉል "ጥይቱም እኔን ሲያይ ግማሽ ይሆናል እንዴ?" ሊል አሰበ፤ አሰበ እንጂ አላለም። ቁልፉን ተቀበለ።

ወደ ገደብ ሲወጣ አንዳች ነገር አልገጠመውም፤ ቢሆንም ላቡ ጀርባውን አርሶት ገባ። በማግስቱ ጠዋት ጀንፈሉ፣ ከነገለፈቱ የደረቀው ቡና፣ በጆንያ በጆንያ ተጫነ። ለሸምሰዲን ገደብ ላይ ቡና የምትገዛው ወርቂቱ ደግሞ ከጎኑ ተሰቀለች። ወርቂቱ የገደብ ሰው ናት፤ ኦሮምኛም ጌዴኦኛም ባፏ ነው፣ አማርኛዋም ቢሆን ወንዱን አንቺ ሴቷን አንተ ከማለቷ በቀር ጥሩ ነው። ምላሷ አጥር ይዘላል።

"እኔ ቁልቁለት ሲመጣ አይኔን እሸፍናለሁ" አለችው ነጠላዋን እያስተካከለች። "ኡስማን እያለም እሸፍን ነበር። ሞት ከመጣ ሳላይ ይምጣ።"

"እትዬ ወርቂቱ፣ እኔስ ምን ልሸፍን?"

"አንቺማ መንገዱን እዪ። ደግሞ ፍሬኑ ታማሚ ነው፣ በማርሽ ያዣት።"

ፍሬኑ ታማሚ መሆኑን ጓንጉል ያኔ ነው የሰማው። ሸምሰዲን ስለ ፍሬን አንድም ቃል አልተነፈሰም። እግሩ ፔዳሉ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እግሩ ሲንቀጠቀጥ መኪናዋ ታስነጥሳለች፤ መኪናዋ ስታስነጥስ እሱ ተኩስ ይመስለዋል። በየመታጠፊያው፣ በየእንሰቱ ጥላ ሥር ጠመንጃ ታየው። አንዴ ከብት ጠባቂ ዱላውን ቢያነሳ ጓንጉል መሪው ሥር ተደፋ፤ መኪናዋ ቦዩን ልሳ ተመለሰች።

ኢዲዶን ሲቃረቡ ቁልቁለቱ መጣ። ወርቂቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች፣ ከንፈሯም ሥር ማርያምንም አላህንም መጥራት ያዘች፤ ለማንም አታዳላም። ጓንጉል በሁለተኛ ማርሽ አፍኖ፣ መኪናዋን እያስቃሰተ አወረዳት። ወደ ታች ሲጠመዘዝ አንድ ነገር አየ። መንገዱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ለምለም ሣር ተጎዝጉዟል። በስተቀኝ ከትልቁ ዛፍ ሥር ብዙ ሰው ተቀምጧል፤ በስተግራም በእንሰቱ አጥር ሥር እንዲሁ። መሐል ላይ ሽማግሎች ቆመዋል።

ከዓርብ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የጓንጉል ልቡ ረጋ። አባቱ ከጎንደር፣ እናቱ ከመንዝ ናቸው፤ በቤታቸው ሣር የሚጎዘጎዘው ለዓመት በዓል ነው፣ ለሰርግ ነው፣ ለክብር እንግዳ ነው። "ሰርግ ነው" አለ ለራሱ። "እግዜር ይስጣቸው፣ ሰርግ ላይ ሰው አይገደልም።" ደስ ብሎት ጥሩምባውን ነፋ። እጁንም አወዛወዘ። ሽማግሎቹ ፈንጠር ፈንጠር አሉለት፤ እሱም ሣሩን በአራቱም ጎማ ረግጦ አለፈ።

እልልታ ጠበቀ። ከቀኝም ከግራም አንድ ላይ ጩኸት ተነሳ፤ የሰርግ ጩኸት አልነበረም።

ወርቂቱ ነጠላዋን ገለጠችና ወደ ኋላ ዞረች። ፊቷ አመድ መሰለ።

"ምኑን ነው የረገጥሽው?"

"የሰርጉን ሣር።"

"የምን ሰርግ! ወይኔ ልጄን፣ እዚህ አገር እርጥብ ሣር መሐል ላይ ከተነጠፈ ደም ሊታረቅ ነው። በሰላም አምላክ ቁም ማለት ነው። ከብት እንኳ አይረግጠውም። አንቺ ጥሩምባ ነፍተሽ ረገጥሽው?"

ወጣቶች ከፊት ሮጠው ግንድ አጋደሙ። ቢነዳ እንኳ መሄጃ የለም። መኪናዋ ቆመች፣ ወርቂቱ ወርዳ ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቀች፤ ጓንጉል ግን አልወረደም። ጎትተው አወረዱት። ጉልበቱ ቄጤማ ሆነና አቧራው ላይ ተቀመጠ።

ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌ ቀስ ብሎ መጣና በጌዴኦኛ ተናገረ፤ ወርቂቱ እየተቀበለች አስተረጎመች። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አምና በቡና ድንበር ተጣልተው በግራ ያሉት የቀኞቹን ልጅ ገደሉ። ካምና ጀምሮ ሁለቱ ወገን ተፈራርተው ገበያ አይወጡም፣ ቡናቸው ዛፍ ላይ ደርቆ እየረገፈ ነው። ሽማግሎቹ ስንት ለምነው ዛሬ አገናኟቸው። የሟች እናት ግን ሣር አልቀበልም ብላ ከጠዋት ጀምሮ ዝም ብላ ተቀምጣለች። በዚህ መሐል ነው ካሚዮን የመጣው።

"የጣሊያን ነሽ ወይ ይልሻል" አለች ወርቂቱ።

"የሸምሰዲን ነኝ በይው። ገና አልፈረመልኝም፣ ግን የሸምሰዲን ነኝ።"

ሽማግሌው ከሌሎቹ ጋር ተማከረ። ከግራ በኩል አንድ ጎረምሳ ጦሩን ከአጥሩ ላይ ሊያነሳ ሄደ፤ ሌላው ያዘው። የጓንጉል አይን ከጦሩ ጋር አብሮ ሄዶ አብሮ ተመለሰ።

"ሣሩን የረገጠ ሣሩን ያነሳል ይላሉ" አለች ወርቂቱ። "ከወንዙ ዳር አዲስ ሣር በእጅሽ ትነጪያለሽ፣ ለሁለቱም ወገን ትዘረጊያለሽ። ከተቀበሉሽ ትሄጃለሽ።"

"ካልተቀበሉኝስ?"

ወርቂቱ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ወንዙ አመለከተችው።

ጓንጉል ሣር ነጨ። ከእጁ እየወደቀበት መልሶ መልሶ ነጨ። መጀመሪያ ወደ ግራ ወሰዱት፤ ገዳዮቹ ቀድመውም ዕርቅ ፈላጊ ናቸውና ቶሎ ተቀበሉት። ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ከዛፉ ሥር ወደተቀመጠችው አሮጊት። ትንሽ ናት፣ ከሰል የመሰለ ነጠላ ለብሳለች። ጓንጉል ፊቷ ተንበርክኮ ሣሩን ዘረጋ። እጁ ብቻ ሳይሆን ክንዱ፣ ትከሻው፣ አገጩ ሁሉ ይርገፈገፋል፤ ሣሩ ንፋስ እንደመታው ይንሿሿል። ጥርሱ ሲጋጭ ለሰው ይሰማል።

አሮጊቷ አየችው። አየችው። ከዚያ ለወርቂቱ አንድ ነገር አለቻት።

"ይህ ልጅ ታሟል ወይ ትላለች።"

"ምን አልሻት?" አለ ጓንጉል በሹክሹክታ።

"አልታመመም፣ ፈርቶ ነው አልኋት።"

አሮጊቷ ራሷን ነቀነቀች። ከጠዋት ጀምሮ ያልተነፈሰችው ሴትዮ ረዘም አድርጋ ተናገረች። ወርቂቱ ሳትቸኩል ተረጎመች።

"ልጄን የገደሉት ሰዎች ሣር ይዘው ሲመጡ ፊታቸው ደረቅ ነበር፤ ካሳ ልንከፍል መጣን እንጂ ፈራን አላሉም። ይህ ምንም ያልበደለኝ ልጅ እኔን ፈርቶ ይንቀጠቀጣል። ሰው ነፍስ ካጠፋ በኋላ እንዲህ ነበር መምጣት ያለበት ትላለች።"

በግራ በኩል ማንም ቀና አላለም። አንድ ሰው፣ ትልቅ ሰው፣ ከመካከላቸው ተነሳና መንገዱን ተሻግሮ ከጓንጉል ጎን ተንበረከከ፤ የገዳዩ አባት ነው አለች ወርቂቱ። እሱም ይንቀጠቀጥ ጀመር። አሮጊቷ ከጓንጉል እጅ አንዲት ዘለላ ሣር መዘዘች።

ጓንጉል ያኔ አለቀሰ። ማንም አልሳቀበትም፤ ወርቂቱ እንኳ።

ግንዱን ሲያነሱለት ሽማግሌው መስኮቱ ጋ መጥቶ ወርቂቱን አነጋገራት። ወርቂቱ ይርጋጨፌን እስኪያልፉ እያጉተመተመች ተቀመጠች፣ በኋላ ነገረችው፦ የሁለቱም ወገን ቡና ከመጪው ሳምንት ጀምሮ ይወጣል። ሽማግሎቹ ግን ሣሩን ባነሳው ልጅ መኪና ካልሆነ አንጭንም ብለዋል፤ ሌላ ሾፌር ከመጣ አያውቁትም።

"ይህን ለጋሽ ሸምሰዲን ማን ይነግረዋል?" አለ ጓንጉል።

"እኔ አልነግርም። አፍ የለሽም?"

ዲላ የገቡት ሱቆች ሊዘጉ ሲሉ ነው። ሸምሰዲን ጆንያዎቹን እየዳሰሰ ዞረ፣ አልጎደለም፣ ፊቱ ፈካ። የጣሊያኑን ወረቀት አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ዘረጋና ብዕሩን አነሳ። ጓንጉል ማድረግ ያለበት ዝም ማለት ብቻ ነው። ዝም ካለ ሰኞ ነገሌ አይወርድም። ዝም ካለ በሕይወት ይኖራል፣ በግማሽ ደመወዝ።

ከቁልቁለቱ ይልቅ፣ ከጦሩም ይልቅ አሁን ፈራ። ሸምሰዲን ቢቆጣና ብዕሩን ቢያስቀምጥ ሁሉም ነገር እዚያው አለቀ።

"ጋሽ ሸምሰዲን" አለ፤ ድምፁ እንደ ጥጃ ወጣ። "የኡስማንን ሙሉ ነው የምፈልገው።"

ብዕሩ አየር ላይ ቆመ።

"ምን አልክ?"

ጓንጉል ነገረው፤ ሣሩን፣ አሮጊቷን፣ ሽማግሎቹ ያሉትን ሁሉ እየተንተባተበ ነገረው። ሸምሰዲን ወደ ወርቂቱ ዞረ። ወርቂቱ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች "እውነት ነው" አለች።

"እምቢ ብልህስ?" አለ ሸምሰዲን። "ሰኞ ጣሊያኑ ይወስድሃል። አንተም የለህ፣ ቡናውም የለኝ።"

"አዎ" አለ ጓንጉል። "ሁለታችንም እናጣለን። እኔ ግን ካንተ ይበልጥ ፈርቻለሁ።"

ሸምሰዲን የልጁን እጆች አየ። ባንኮኒው ላይ የተቀመጡት እጆች ሚዛኑን ሳይቀር እያንቀጠቀጡት ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ጓንጉል ከባንኮኒው አላነሳቸውም።

"እንዲህ እየፈራ የሚደራደር ሰው አይቼ አላውቅም" አለ ሸምሰዲን፣ ጎንበስ ብሎም ፈረመ። "ሙሉ። ማክሰኞ ኢዲዶ ትሄዳለህ።"

ጓንጉል ወረቀቱን ተቀብሎ ደጃፉ ላይ ወጣና ደረጃው ላይ ተቀመጠ። መነሳት ፈልጎ ነበር፤ ጉልበቱ ግን ገና ከኢዲዶ አልመጣም።