የአራሷ ቁርስ

"ጠዋት ምንም አልቀመሰችም አይደል?" አለ ሐኪሙ፣ የማደንዘዣውን መርፌ ወደ መብራቱ ቀና አድርጎ እያየ።

"ኧረ ምንም" አለች ተንከባካቢዋ።

እሜቴ የሚሏት ጦጣ ክንዷን በፍርግርጉ አሾልካ ዘረጋች። ለመርፌ በፈቃዷ የምትዘረጋው ለዚህች ሴት ብቻ ነው፤ ያም ስንት ማባበል ፈጅቷል። ሐኪሙ እንደወጋት ራሷ ዘመም አለ። ሴትዮዋ ግልገሉን ከእቅፏ አላቃ በፎጣ ጠቀለለችው። ሐኪሙ እናቲቱን ጠረጴዛው ላይ አስተኝቶ እንገሯን ወደ ትንሽ ብልቃጥ ማለብ ጀመረ። እሜቴ የተከተበችው እርጉዝ ሳለች ነው፤ የምርምር ጣቢያው ተመራማሪዎች የሚፈልጉት በእንገሯ ውስጥ ያለውን በሽታ ተከላካይ ነበር።

ብልቃጡ ሳይጋመስ እሜቴን አስመለሳት። ከአፏ የሙዝ ቁራጭ ወጣ፤ ትንፋሿ ቀጥ አለ።

ሐኪሙ በጎኗ ገልብጦ ጉሮሮዋን በቱቦ መምጠጥ ያዘ። ሴትዮዋ ግልገሉን እንደታቀፈች ደርቃ ቀረች። ሙዙን የሰጠቻት እሷ ናት፤ ያውም "ምግብ ክልክል ነው" የሚለው ካርድ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ እያየች። አራስ በባዶ ሆዷ ስትቁለጨለጭ አንጀቷ አልቻለም፤ ግማሽ ሙዝ ምን ያደርጋል ብላ ነበር። የቀረው ግማሽ አሁንም ኪሷ ውስጥ ነው።

በመጨረሻ እሜቴ ሳለች። ደረቷ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ።

ሐኪሙ ላቡን በክንዱ ጠርጎ ስልኩን አወጣ። "እኚህ ሽማግሌ ዛሬውኑ ይለቁልኛል! ሊገድሉብኝ እኮ ነበር!"

"ማን?"

"የማታው ተረኛ ናቸዋ! አንቺ ካልሰጠሻት ሙዙ ከሰማይ ወረደ?"

የማታውን ተረኛ ሁሉም አባባ ነው የሚላቸው። ጡረታቸው ተቃርቧል። ጠዋት ሲወጡ፣ "ልጄ፣ አራሳችንን አደራ" ብለዋት ነበር።

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። እንጀራዋ ነው፤ ቤት ያሉት ሁሉ የእሷን እጅ ነው የሚያዩት። ስልኩ መጥራት ጀመረ። ራሷን ተጠየፈችው።

"ይዝጉት፣ ዶክተር።" ግማሹን ሙዝ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። "እኔ ነኝ።"

ሐኪሙ ሙዙን አየው፤ ስልኩን ዘግቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። "ታዲያ ስጠይቅሽ ምናለ ብትነግሪኝ? ለነገ እናሳድረው ነበር እኮ!"

"ያበላኋት ለእሷ አዝኜ ነው። የዋሸሁት ግን ለራሴ ነው።"

ስልኩ መልሶ ጮኸ፤ ደዋዩ አባባ ነበሩ። ሐኪሙ ለማንሳት እጁን ሲሰድ ሴትዮዋ ግልገሉን አስታቀፈችው።

"አደራ ያሉት እኔን ነው" አለች፣ ስልኩን እያነሳች። "እኔው ልንገራቸው።"