እየሩስ ፀሐይ ስትሞቅ

ሰርካለም የልጇን የሽንት ጨርቅ በፈታች ቁጥር ደሟ ይፈላል። የእየሩስ መቀመጫ ቀልቶ ተላልጧል፤ ውሃ ሲነካው ልጅቷ እሪ ትላለች። ክርስትናዋ ደግሞ ደርሷል። ያን ቀን ራቁቷን ሰው ሁሉ ሊያያት ነው።

"በጨርቁ ላይ ፌስታል እየጠቀለሉባት እንዴት አይላጥ!" አለች አማቷን እማማ ወሰኔን።

እማማ ወሰኔ ፌስታሉን ያመጡት የምትተኛበት የሱፍ ባና እንዳይርስና ልጅቷን የመንዝ ብርድ እንዳይመታት ብለው ነበር።

ሰርካለም ፌስታሉን አውጥታ ጣለች። ጨርቁን ሳሙናው ጨርሶ እስኪለቅ ደጋግማ አለቀለቀችው፤ ምድጃ ላይ በጭስ ማድረቁንም ትታ ድንጋይ ካቡ ላይ አሰጣችው። ልጅቷ ገና ስትረጥብ ትቀይርላታለች፤ በለብታ ውሃ አጥባ፣ በደንብ አድርቃ፣ ቫዝሊን ትቀባታለች። ረፋድ ላይ ነፋስ በማይደርስበት የካቡ ጥግ መቀመጫዋን ገልጣ ለጥቂት ጊዜ ፀሐይ ታሞቃታለች።

"ኧረ በማርያም፣ ምች ይመታታል! የሰው ዓይንስ?" ይላሉ እማማ ወሰኔ፣ በነጠላቸው ሊሸፍኗት እየተጣደፉ።

"እንዳይነኩብኝ!" ትላለች ሰርካለም።

በክርስትናዋ ቀን ቄሱ እየሩስን ራቁቷን ከውሃው ሲያወጧት ገላዋ ጥርት ብሎ ነበር፤ አንዲት ቅላት አልነበረባትም። ሰርካለም አንገቷን ቀና አደረገች።

የክርስትና እናቷ ተቀብላ ልትጠቀልላት ስትል እማማ ወሰኔ እጇን ያዝ አደረጓት።

"ቆይ፣ አትሸፍኛት!" አሉና የልጅቷን መቀመጫ ወደ ሴቶቹ አዞሩት። "ሰው ሁሉ ይይልኝ! እኛ ቤት ልጅ የሚያዘው እንዲህ ነው!"