ከጥዱ ሥር ያደረች መኪና

ልብስ ሰፊው የጋለውን ካውያ ከመኪናዋ ጣሪያ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ እንደያዘ ቀረ። ከሥሩ ወረቀት አንጥፏል። ሱፍ ላይ የፈሰሰ ሰም የሚነሳው እንዲህ ነው፤ ወረቀት ይነጠፋል፣ ካውያ ያርፍበታል፣ ሰሙ ቀልጦ ወደ ወረቀቱ ይሸሻል። ይህ ዘዴ በሠላሳ ዓመት ሥራው አንድ ቀን እንኳ አሳፍሮት አያውቅም። ችግሩ መኪናዋ ሱፍ አለመሆኗ ነበር። ከዚያም የባሰው የእሱ አለመሆኗ።

መኪናዋ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ንብረት ናት። ሰፈሩ ሰውየውን «አትንኩ» ብሎታል፤ ሰው ወደዚች ቀይ መኪና ጠጋ ባለ ቁጥር ከአፉ የሚቀድመው ቃል ይኸው ስለሆነ። በአሥራ ሁለት ዓመት አማችነት ለልብስ ሰፊው ጃንጥላ እንኳ አውሶት አያውቅም። አንድ ጊዜ ቤተ ዘመድ በተሰበሰበበት «መርፌ የለመደ እጅ መሪ አይዝም» ያለው ነገር ከልብስ ሰፊው ጆሮ እስከ ዛሬ አልወጣም። ትናንት ግን እህቱ ሳምንት ሙሉ ስትወተውተው ከርማ፣ አርባ የተማሪ ዩኒፎርም ለማድረስ ብቻ ቁልፉን ሰጠ። ሲሰጥም መኪናዋን ጭረት የሚባል ነገር ነክቷት እንደማያውቅ ሦስት ጊዜ ተናገረ። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ መጥቶ ይወስዳታል።

ዩኒፎርሙ በሰላም ደረሰ። ጥፋቱ የመጣው ከጥንቃቄ ነው። ቀይ ጨርቅ ፀሐይ ላይ ከዋለ እንደሚነጣ ልብስ ሰፊው ከማንም በላይ ያውቃል፤ ስለዚህ ሲመለስ ከሱቁ ፊት ለፊት ካለው ጥድ ጥላ ሥር አቆማት፣ እዚያው አደረች። ጠዋት ሲያያት የጥዱ ሙጫ ጣሪያዋንና ኮፈኗን ጠብ ጠብ ብሎባት፣ ፈንጣጣ የወጣባት መስላ ጠበቀችው።

ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ምላጩን እንደያዘ ብቅ አለ።

«ልላጫት?»

«መጀመሪያ እኔን እረደኝ» አለ ልብስ ሰፊው።

ሚስቱ የደረሰችው ያን ጊዜ ነው። ነርስ ናት፤ በስልክ ሲጣራ ድምፁን ሰምታ የታመመ ሰው ያለ መስሏት አልኮልና ጥጥ ይዛ መጥታለች። ካውያውን ከእጁ ተቀበለችው።

«በል መጀመሪያ ከዛፉ ሥር አውጣት። አንተ ስታጸዳ እሱ እየጨመረባት እኮ ነው!»

ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ ጥዱን አየ። ይህ እንዴት ሳይታየው እንደቀረ ገርሞት፣ መኪናዋን ወደ ማዶ አሻገራት።

«አሁን እንደ ቁስል ቅርፊት አስበው» አለች ሚስቱ። «በሙቅ ውሃ ጨርቅ ታለሰልሰዋለህ፣ አልኮሉን ታሳርፍበታለህ፣ ከዚያ ትጠብቃለህ። ከፈተግከው ቆዳዋ አብሮ ይነሳል።»

መጠበቅ ለሱ ከባድ ነበር፤ ግን ጠበቀ። ጠብታዎቹ አንድ በአንድ እየለሰለሱ ለቀቁ። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ከኋላ በር እጀታ ሥር አንዲት ጠብታ ብቻ ቀረች፤ ልብስ ሰፊው ማፏጨት ጀምሮ ነበር። ጨርቁን አሳርፎ ጠበቀና ጠረገ። ጨርቁ ቀይ ሆኖ ተመለሰ። ከሥሩ እንደ ጣት የረዘመ ግራጫ ጭረት ብቅ አለ።

«አለቀልኝ» አለ። «ቀለሟን ላጥኩት። ወንድምሽ እውነቱን ነው፣ መርፌ የለመደ እጅ…»

ሚስቱ ጨርቁን ወስዳ አሸተተችው። ከጭረቱ ጠርዝ ላይ የቀረውን ቀይ በጥፍሯ ፋቅ አድርጋ አየችው። ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ትከሻዋ ግን ሳቋን አሳበቀባት።

«ይሄ የመኪና ቀለም አይደለም፤ ጥፍር ቀለም ነው። እኔ ራሴ ለወንድሜ ሚስት ለልደቷ የሰጠኋት! ጠፋብኝ ብላ ስንት ቀን ቤቱን ስታምስ ነበር።»

ልብስ ሰፊው መጀመሪያ ተነፈሰ። ቀጥሎ ደስ አለው፤ ደስታውም ንጹሕ አልነበረም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ መልስ ያጣለት ነገር አሁን መልሱ በእጁ ገባ። «ጭረት ነክቷት አያውቅም አላሉኝም ጋሼ?» የሚለውን፣ አንዴ በትሕትና አንዴ በፌዝ እያደረገ በልቡ አጠናው።

አትንኩ ከስድስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ቀድሞ መጣ። ሰላምታውን አሳጥሮ መኪናዋን መዞር ጀመረ። ከመስታወት መጥረጊያው ሥር የጥድ ቅጠል መዝዞ አወጣ።

«ዛፍ ሥር ነው ያቆምካት?»

«አዎ ጋሼ። ሙጫ ተንጠባጥቦባት ነበር፤ አጽድቼዋለሁ።»

ሰውየው የሚቆጣ መሰለ። ግን ዞሮ የኋላው በር ጋ ሲደርስ ቆመ። ጆሮው ቀላ። ቀስ ብሎ መዳፉን በጭረቱ ላይ ከደነውና፣ ለመደገፍ ብሎ እንደቆመ ሰው አሻግሮ ማየት ጀመረ።

የተጠናው ዓረፍተ ነገር ልብስ ሰፊው ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ያንን መዳፍ ግን ያውቀዋል። ሱሪያቸው የተቀደደባቸው ሰዎች ሱቁ ሲገቡ ቀዳዳውን እንዲሁ ሸፍነው ነው የሚቆሙት። በሠላሳ ዓመት አንዱንም «እንዴት ተቀደደ?» ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ሚስቱን አያት፤ እሷም ሳቋን ትታ እሱን ታያለች።

«ጋሼ፣ ይቺ መኪና ልብስ ያስፈልጋታል» አለ።

«የምን ልብስ?»

«ሙጫም ፀሐይም የማያሳልፍ። ከላይ ሸራ፣ ከውስጥ ቀለሟን የማይፈትግ ለስላሳ ገበር። እኔ እሰፋላታለሁ።» ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ አንዱን ጫፍ ዘረጋለት። «ይቺን ይያዙልኝ።»

አትንኩ ሜትሩን በነፃ እጁ ተቀበለ። ሁለተኛው እጁ ከበሩ ላይ አልተነሳም። ልብስ ሰፊው በጣሪያዋ ዞሮ ወርዷን ለካ፣ ቁመቷን ለካ፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ልክ ቁጥሩን በጠመኔ መዳፉ ላይ ጻፈ።

«በዚህ በኩል ግን…» አለ አትንኩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ድርብ ይሁንልኝ።»

«ድርብ» አለ ልብስ ሰፊው፣ ጻፈውም።