በድልድዩ በኩል

«የምታሻግረን ጀልባ ቆማለች አሉ» አለ ቪላስ፣ ጥቁር ዳቦው ላይ ቅቤ እየቀባ። ወሬውን የሰጠው ትናንት ጎማ ሲነፋ ያገኘው አንድ ጀርመናዊ ነው። ቁርስ ላይ ተናገረው፤ ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ደገመው፤ ዳገቱ ትንፋሹን አሳጥሮበትም አልተወውም።

«ጀርመኑ ባሕሩን አማክሮ ነው የነገረህ?» አለች ሚስቱ ኢንገሊስ።

«አሉ ነው ያልኩት።»

«አንተ እኮ ቢቀርልህ ደስ ይልሃል።»

ልክ ነበረች።

ጉዞውን የመረጠችው እሷ ናት። አስጎብኚ የለው፣ አዛዥ የለው፤ ድርጅቱ ካርታ ይሰጣል፣ ሻንጣ በመኪና ወደሚቀጥለው ማደሪያ ያደርሳል፣ የቀረው የእግር ሥራ ነው። ቪላስን «የባሕሩን ዳርቻ በብስክሌት እንየው» ብላ አወጣችው። እውነቱን የነገረችው መንገድ ከገቡ በኋላ ነው፤ ልጃቸው አስገር ከወሽመጡ ማዶ፣ ጀልባዋ የምታርፍበት ቦታ ላይ ይጠብቃቸዋል። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በአያቱ ቀብር ቀን አባቱ «እኔ ልጅ የለኝም» ካለው ወዲህ ድምፁን አላሰማቸውም፣ ስልኩንም ቀይሯል። ዛሬ ማታ ለሥራ ወደ ግሪንላንድ ይሄዳል። በአክስቱ በኩል የላከው ቃል አጭር ነበር፤ «አባቴ ራሱ ከመጣ እስከ አስር ሰዓት እጠብቃለሁ። ካልመጣ ይገባኛል።»

ውሃው ዳር ሲደርሱ ሰው የለም፣ ጀልባም የለም። ማዶ ነጭ ቤትና ጥቂት መኪኖች እንደ ጠጠር አንሰው ይታያሉ። ምሰሶ ላይ አንድ ቀይ ሰሌዳ ቁልቁል ተንጠልጥሏል፣ ገመዱ ከጎኑ። ከሥሩ የነበረውን ጽሑፍ ጨውና ዝናብ ልጠውታል።

«ይኸው፣ ሰሌዳው ወርዷል። ዝግ ነው።»

ኢንገሊስ እጇን ወደ ገመዱ ሰደደች።

«ተይ እንጂ። የወደብ ዕቃ ነው፤ ማን ንኪ አለሽ?»

ማንም ንኪ አላላትም። መንገዱ ጭር ባለበት እንኳ ቀይ መብራት ላይ ቆማ ዕድሜዋን የጨረሰች ሴት ናት። እጇን መለሰች።

«በድልድዩ እንዙር» አለች።

«በዚህ ንፋስ?»

«በዚህ ንፋስ። ፔዳሉን ምታ፣ ወሬውን ተወው።»

ንፋሱ ፊት ለፊት ነበር፤ ገብሱን አስተኝቶ፣ እነሱንም ሊያስተኛ የሚታገል። ድልድዩ መሃል ላይ ቪላስ ድንገት ቆመ።

«ኢንገ፣ ምን ብዬ ልጀምር?»

ሦስት ዓመት የጠበቀችው ጥያቄ ነው። «ስሙን ጥራው» አለችው። «ከዚያ ወዲያ አትቸኩል።»

ከዚያ በኋላ እሱ ነው የቀደማት። የጎበጠ ጀርባው ከፊቷ ሲታገል እያየች፣ ይደርሳል ብላ አመነች።

አልደረሱም። ነጩ ቤት አጠገብ አንድ ሽማግሌ ብቻ ጀልባዋን ያስራል።

«አንድ ወጣት እዚህ አልነበረም?» አለች።

«ነበር። ሄደ።»

«ጀልባዋ ቆማለች ብለውን እኮ ነው የዞርነው።»

«ማን አቆማት፣ እመቤቴ? ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነኝ። ማዶ ሰሌዳውን በገመዱ ከፍ ያደረገ ሰው ካየሁ ሄጄ አመጣዋለሁ። ካላየሁ ነዳጅ አላቃጥልም።»

ቪላስ መሪው ላይ ተደግፎ ነበር። «ልጁ… ያለው ነገር አለ?»

ሽማግሌው ገመዱን አጥብቆ ቀና አለ።

«የሩቅ ማያ መነጽሬን ተውሶ ማዶ ማዶውን ሲያይ ዋለ። ‹መጡ፣ አባቴ ነው› አለኝ። ‹ላምጣቸው?› ስለው፣ ‹አይ፣ እሱ ራሱ ይጥራህ› አለ። ብስክሌታችሁን ስታዞሩ አይቶ ነው መነጽሩን የመለሰልኝ።»