የኢቢሴ አደራ

ዋጋሪን ክፉ ሰው ነው የሚል ነቀምቴ ውስጥ አይገኝም። ዕድሜውን ታሪክ ሲያስተምር ስለኖረ ከባጃጅ ሾፌሩ እስከ ባንክ ሥራ አስኪያጁ ድረስ "ቲቸር" እያለ ነው የሚጠራው። ጉድለቱ አንድ ነው፤ ደስ የማይል ነገር ለሰው ፊት ለፊት መናገር አይሆንለትም። ፈተና የወደቀ ተማሪ መጥቶ ሲጠይቀው እንኳ "ውጤቱ ገና አልተለጠፈም" ብሎ ይሸኘው ነበር። ተማሪው ከሰሌዳው ላይ አንብቦ ብቻውን ያለቅሳል፤ ዋጋሪ ግን ደግ እንደተባለ ይኖራል።

ጡረታ ሲወጣ አንድ ሐሳብ ያዘው። በጠመኔ ሲስላቸው የኖሩትን ፒራሚዶች በዓይኑ ማየት አማረው፤ ብቻውን ከሚሄድም የሚወድ ሰው አሰባስቦ ይዞ ሊሄድ አሰበ። ቢላል ከሚባል ግብፃዊ አስጎብኚ ጋር በስልክ ተስማሙ። መጀመሪያ ካይሮና የበረሃው ፒራሚዶች፣ ከዚያ ሉክሶር፣ ከሉክሶር በመርከብ ዓባይን ሽቅብ ይዞ አስዋን፣ በመጨረሻም በረሃውን በአውቶቡስ አቋርጦ አቡ ሲምብል። ቢላል በእንግሊዝኛ ያስረዳል፣ ዋጋሪ ወደ አማርኛ ይመልሳል፤ ያልገባው ካለ በኦሮምኛ ይደግምለታል። ከሚሄዱት መካከል በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው የሰፈሩት ጋሽ ገበየሁ ነበሩ፤ ነግዶ የሞላለት ልጃቸው ነው የላካቸው። የዋጋሪ የረጅም ዘመን የሥራ ባልደረባ፣ የጂኦግራፊ አስተማሪዋ ኢቢሴም ነበረች።

ኢቢሴ መጀመሪያ ላይ አመንትታ ነበር። እናቷ አዴ ድርቤ አርጅተዋል፤ ከነቀምቴ ወጣ ብላ ባለችው ጉቴ ከታናሽ ወንድሟ ከጂሩ ጋር ነው የሚኖሩት። ሂጂ ብለው የገፏት ግን እናትየው ራሳቸው ናቸው።

"ዴዴሳ ወርዶ ዓባይ ይገባል፣ ዓባይ ወርዶ ግብፅ ይገባል እያልሽ የሰው ልጅ ስታስተምሪ ኖርሽ" አሏት። "እስቲ ሂጂና እውነትሽን እንደሆነ እዪው። ስትመለሺም ከዚያው ውኃ በጠርሙስ ቅጂልኝ። የኛ ውኃ እዚያ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ልየው።"

የሚነሡ ዕለት ነቀምቴ መናኸሪያ ላይ ኢቢሴ ዋጋሪን በእጅጌው ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችው።

"ዋጋሪ፣ ማሎ፣ እባክህ፣ አንድ አደራ አለብህ። ባሌ የሞተ ጊዜ እኔ ጅማ ክረምት ኮርስ ላይ ነበርኩ። 'ትንሽ አሞታል' ብለው አስመጡኝ፤ ስደርስ ድንኳኑ እንኳ ፈርሶ ነበር። አዮ፣ እናቴ፣ አርጅታለች። አንድ ነገር ቢመጣ በደንቡ እንዳትይዘኝ። የትም እንሁን የት፣ ንገረኝ።"

"ጌታ አያምጣው" አለ ዋጋሪ።

"እሱን ተወው። እነግርሻለሁ በለኝ።"

"እነግርሻለሁ።"

"አደራ?"

"አደራ" አለና እጇን ጨበጠ።

ደንቡን የማያውቅ የለም፤ መንገደኛ መርዶ አይነገረውም። ቤቱ ይገባል፣ እህል ይቀምሳል፣ ያድራል፤ ከዚያ በማለዳ ሽማግሌዎች በሩን ያንኳኩና ያረዱታል። አገር ያወጣው ደንብ ነው፤ ሰው በመንገድ ላይ እንዳይወድቅ ታስቦ። ኢቢሴ ግን ይህ ደግነት አንድ ጊዜ ባሏን ሳትቀብር አስቀርቷታል።

ጉዞው ሲጀመር ያማረ ነበር። በረሃው ላይ ግመል ያስፈራቸው አሉ፣ ፒራሚዱ ጥግ ተንበርክከው የጸለዩ አሉ። ጋሽ ገበየሁ ዓባይን ሲያዩ ግን ከዳር እስከ ዳር በዓይናቸው ለኩት።

"ይኸ ነው እንግዲህ" አሉ በመጨረሻ። "በኛ አገር ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል እየተባለ ሲታማ ኖረ። ለካ ማደሪያው እዚህ ኖሯል።" ኢቢሴ በሳቅ ፈረሰች።

ስልኩ የመጣው ሉክሶር ነው። ከወንዙ ወዲያ ማዶ፣ ነገሥታቱ በተቀበሩበት ሸለቆ፣ ፀሐዩ ድንጋዩን እያጋለው ቆመዋል። ቢላል የጥንት ሰዎች ሬሳቸውን በጀልባ ወደ ምዕራብ እንደሚያሻግሩ፣ ዘመድም ከኋላ በሌላ ጀልባ እያለቀሰ እንደሚከተል ይነግራቸዋል። ዋጋሪ "ዘመድ ከኋላ" ብሎ እየተረጎመ ሳለ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጠራ። ራቅ ብሎ አነሣው። ጂሩ ነበር።

"ቲቸር፣ ኢቢሴ አጠገብዎ ናት?"

"ፈንጠር ብላለች። ምነው?"

"አዮ ዛሬ ጠዋት አረፈች። ደህና አድራ፣ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ሳለ ነው።" የጂሩ ድምፅ ተቆረጠና እንደገና መጣ። "ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ አይነገራት ብለዋል። እኔ ግን ያኔ በባሏ የሆነችውን አልረሳሁም። ትደርሳለች ካሉኝ ሬሳውን ሆስፒታል አስቀምጬ እስከ ከነገ ወዲያ አቆያለሁ፤ ሽማግሌዎቹንም እለምናለሁ። አትደርስም ካሉኝ ነገ ይቀበራል። ትደርሳለች?"

ዋጋሪ ቀና ብሎ አየ። ኢቢሴ ጥላ ሥር ተቀምጣ ራሷን በባርኔጣዋ እያራገበች ለጋሽ ገበየሁ ብስኩት ታካፍላለች።

"አትደርስም" አለ።

ማንንም አልጠየቀም። የአውሮፕላን ሰዓት አላየም፤ ቢላልን አላማከረም። "ውጤቱ ገና አልተለጠፈም" ትወጣበት ከነበረው አፍ ይህችም እንደዚያው ወጣች።

ምሳ ላይ ሰሃኑን ገፍቶ ተነሣ። ቢላልን ወደ ጎን ጠራና ነገሩን እንደ ቀልድ አስመስሎ ጠየቀው፤ "ለመሆኑ አንድ ሰው ድንገት አገሩ መመለስ ቢፈልግ እንዴት ይሆናል?"

"ምን ችግር አለ?" አለ ቢላል። "በማታው አውሮፕላን ካይሮ፣ ከካይሮ ሌሊቱን አዲስ አበባ። ነገ ጠዋት አገሩ ገባ ማለት ነው። ማነው የሚመለሰው?"

"ማንም። ለማወቅ ያህል ነው።"

ለጂሩ መልሶ ሊደውል ስልኩን አወጣ። ሰዓቱ ገና ነበር፤ ሁሉም ነገር ገና ነበር። ነገር ግን ሆቴሉ በር ላይ፣ በባዕድ አገር ሰው መካከል፣ የኢቢሴን ጩኸት በጆሮው ሰማው። ማን ይይዛታል? ማን አብሯት ይሳፈራል? የቀሩትስ ሰዎች ሲያለቅሱ ሊከርሙ ነው? ይህን ሲያወጣና ሲያወርድ ሻንጣቸው ወደ መርከቡ ተጫነ። ስልኩን ኪሱ መለሰና ከሁሉም ኋላ ተሳፈረ። ዛሬ እንኳ፣ ያቺን ከምሳ እስከ መሳፈሪያ ያለች ሰዓት መልሶ የሚሰጠው ቢያገኝ፣ የቀረውን ዕድሜውን ሳይሳሳ ይለውጥ ነበር።

በማግስቱ ኢቢሴ የመርከቡ ሠራተኛ ጠርሙሷን ከወንዙ ቀድቶ እንዲያቀብላት አደረገች። ውኃውን ወደ ፀሐይ አንሥታ አየችው። "ቀይ ይሆናል ብላ ነበር አዮ፤ ይኸው ጠርቷል። አታምነኝም" አለች። ጠርሙሷን በፎጣ ጠቅልላ አስቀመጠችና ጉቴ ደወለች። ያን ሰዓት ጉቴ የቀብር ሰዓት ነበር። ስልኩን ዘግታ ስትመለስ ፊቷ ተለውጦ ነበር።

"ጂሩ አዮ ጎረቤት ሄዳለች አለኝ። ድምፁ ግን ደስ አላለኝም። ዋጋሪ፣ አንተ ጋ የደወለ ሰው የለም?"

ዓይን ዓይኑን ነው የምታየው። ከዚህ የተሻለ በር ማንም አይከፍትለትም ነበር።

"የለም" አለ ዋጋሪ።

ጋሽ ገበየሁ ከጎን ተቀምጠው ሁሉንም ሰምተዋል። ኢቢሴ ወደ ክፍሏ ስትወርድ ጠጋ አሉት። "ወንድምዓለም፣ አፍህ የለም ሲል ፊትህ አለ ይላል" አሉት። ዋጋሪ ተናዘዘ። ሽማግሌ ናቸው፣ ደንብ አዋቂ ናቸው፤ ደግ አደረግህ ይሉኛል ብሎ ነበር።

"እናቴ ወሎ ሞታ እኔ የተረዳሁት በሦስተኛው ዓመት ነው፣ እዚያ ወለጋ ሰፍሬ" አሉ ጋሽ ገበየሁ። "አገሬው አልቅሶ ጨርሷል። እኔ ብቻዬን እርሻ መሐል አለቀስኩ፤ ለቅሶው ጊዜው አልፎበት እኔኑ አሳፈረኝ። ደንቡ ደግ ነው፣ አልሰደብኩትም። ይቺ ሴትዮ ግን አደራ ብላሃለች። አደራ በላ አትሁን።"

"እንዲህ ዘግይቼ ብነግራት አትጠላኝም?"

"ትጠላሃለች። ዛሬ ብትጠላህ ይሻላል። እኔ አልነግርልህም፤ አደራው ያንተ ነው።"

"ነገ እነግራታለሁ" አለ ዋጋሪ። ነገ ግን ሌላ ነገ ወለደ፤ አስዋን ደረሱ።

አቡ ሲምብል የሄዱት ከአስዋን ማለዳ ተነሥተው ነው። አውቶቡሱ ዛፍ የሚባል ባልበቀለበት በረሃ ውስጥ ሲበር ኢቢሴ በመስኮት እያየች የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ታንጎራጉር ነበር። ዋጋሪ ከጎኗ ተቀመጠ። ቃላቱን አዘጋጅቷል፤ "ኢቢሴ፣ አንድ ነገር" ብሎ ይጀምራል። መንገዱ አለቀ እንጂ አልጀመረም። ደረሱ። ከተራራ የተፈለፈሉት ግዙፍ የንጉሥ ሐውልቶች ተቀምጠው ሐይቁን ያያሉ። ኢቢሴ ከአንዱ እግር ሥር ቆማ ቁመቷን ከድንጋዩ ጋር ለካች። "ዋጋሪ፣ ና እየኝ፣ እስከ ጉልበቱ እንኳ አልደርስለትም" ብላ ስትስቅ እንባዋ መጣ። ያን ጊዜ ፎቶ አነሣት።

በየቀኑ የጉዞውን ፎቶ ቴሌግራም ላይ ይለጥፍ ነበር፤ ቤተሰብ እንዲከታተል ብሎ የከፈተው ቻናል ነው። ኢቢሴም በየዕለቱ "ዛሬስ እኔን የትኛውን ለጠፍክ?" እያለች ታየዋለች። ያን ቀን ፎቶዋ ቢጎድል ትጠይቀዋለች ብሎ ፈራ። ስለዚህ ለጠፈው። ከሥሩም "ደስታ በአቡ ሲምብል" ብሎ ጻፈ።

ነቀምቴ የገቡት አመሻሽ ላይ ነው። ኢቢሴ ባኬ ጃማ ሰፈር ካለው ቤቷ አደረች፤ ነገ ጠዋት ጉቴ ሄጄ ለአዮ ውኃዋን አሳያታለሁ ብላ። ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ከጂሩ ጋር መጡ፤ ዋጋሪም ከኋላቸው ነበር። በሩን ከፍታ ጋቢያቸውን ስታይ አልጮኸችም።

"መቼ?" አለች።

ጂሩ ነገራት። ጣቶቿን እያጠፈች ቀኑን ወደ ኋላ ቆጠረችና ሉክሶር ላይ ቆመች። ከዚያ በሽማግሌዎቹ ትከሻ መካከል ዋጋሪን ፈለገችው። ፊቱን አየችና አንገቷን ደፍታ ወደ ቤት ገባች። ልቅሶው የተሰማው ከዚያ በኋላ ነው።

ዋጋሪ ጉቴ ለመሄድ ድፍረት እስኪያገኝ ቆየ። ድንኳኑ እሷን ሲጠብቅ ገና አልፈረሰም ነበር። "ዋቅ ሲ ሃ ጀጀቤሱ፣ እግዜር ያጽናሽ" ብሎ ገባ። ኢቢሴ ተነሥታ ተቀበለችው፤ አስቀመጠችው፤ ለእንግዳ እንደሚደረገው ምግብ አቀረበችለት። እሷ አጠገቡ ተቀመጠችና ቀስ ብላ ተናገረች።

"አዮ የተቀበረችበት አፈር ሳይደርቅ፣ እዚህ ድንኳን ውስጥ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ አሉ። እኔ እየሳቅኩ ነው። 'ደስታ' ይላል። አክስቴ 'እሷ ምን አለባት' ብላ ስልኩን መለሰች አሉ። ዋጋሪ፣ ለኔ እሷ መሞቷን አልነገርክም። ለነሱ ግን እኔ መሳቄን ነገርክ።"

ዋጋሪ እጁን ከምግቡ ሰበሰበ።

"ትደርሳለች ወይ ብሎ ጂሩ ጠይቆህ ነበር አሉ።"

"ጠይቆኝ ነበር።"

"እደርስ ነበር?"

ውሸት ይህን ጊዜ ቢመጣለት በወደደ። አልመጣም። "ትደርሺ ነበር" አለ። ከሉክሶር ጀምሮ የነገራት የመጀመሪያ እውነት ይህ ነበር።

ኢቢሴ ሰሃኑን ከፊቱ አነሣች። "ይቅር ብዬሃለሁ" አለች ከዚያ፤ ቤተ ክርስቲያን እንዳስተማራት፣ አሟልታ። "ቂም አልይዝብህም። ግን አብሬህ ሁለተኛ መንገድ አልወጣም።"

ሊሄድ ሲነሣ በፎጣ የተጠቀለለውን ጠርሙስ አምጥታ በእጁ ሰጠችው። "ቤት ውስጥ ላየው አልቻልኩም፤ መሬት ላይ ማፍሰስም አልሆነልኝም። ከዴዴሳ ነው የመጣው፤ ወስደህ ዴዴሳ ጨምርልኝ። አደራ።"

ያችን ቃል ደግማ ለሱ መስጠቷ ከስድብ ይልቅ አቃጠለው።

ፎቶውን ከቻናሉ ላይ አጠፋው፤ ሰው ግን አስቀድሞ ተቀባብሎታል። ሁለተኛ ጉዞ ይኖራል ወይ ለሚሉት "የለም" ይላል፤ ይህችን ፊት ለፊት መናገር ለምዷል። ጠርሙሷን በቦርሳው ይዞ በበደሌው መንገድ ሁለት ጊዜ ወርዷል። ሚኒባሱ የዴዴሳ ድልድይ ላይ ሲደርስ ጠርሙሷን ከቦርሳው አውጥቶ ይይዛል፤ ውኃው ከታች ቀልቶ ሲሄድ ያያል። ሾፌሩን "አቁምልኝ" ማለት አንዲት ቃል ናት። ያችን ቃል ሲያዘጋጅ ድልድዩ ያልቃል፤ ጠርሙሷም ከሱ ጋር ነቀምቴ ትመለሳለች።