ከሥር ያለው ሰው

«ልጄስ?» አሉ እማማ ጀማነሽ።

ንፍሮ የሚያዞረው ሰው ባለበት ቆመ። አሮጊቷ ድንኳኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው፣ ጭናቸው ላይ ያጋደሙትን ትልቅ ሥዕል በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ይዳብሳሉ። ሥዕሉን ያመጣችው ሊዲያ ናት። እሷና የሟቹ ልጅ ኪዱ ኡራኤል አካባቢ የሳሎን ግድግዳ ጌጥ እያተሙ ይሸጣሉ። «ለጋሽ ባይሳ መታሰቢያ ይሁን ብለን ነው፤ ሰው በጣም ወዶታል» ብላ፣ ወርቃማ ፍሬም የገባውን ካንቫስ ከሟቹ ፎቶ አጠገብ ልታቆመው ስትል፣ አሮጊቷ «እስቲ ልየው» ብለው ተቀበሏት።

ትናንት አባቷን የቀበረችው እጸገነት ተነስታ በእማማ ጀማነሽ ትከሻ በኩል አየች። አባቷ የሣለው ሥዕል ነው። ደረቱ በሜዳይ የተጨናነቀ ቦርጫም አዛዥ፣ አቅራቢ መነጽሩን ገልብጦ ይዞ ጦርነቱን ያያል። ከአዛዡ ኋላ ያለው ግን ፈካ ያለ ቢጫ ተቀብቷል። ከአዛዡ ቡትስ ጫማ በታች ደግሞ ምንም የለም።

በዋናው ሥዕል አዛዡ የቆመው ሰው ላይ ነበር፤ አንድ ጫማ የሌለው ወታደር ትከሻ ላይ። የወታደሩ ፊት የወዳጆ ነው፤ የእማማ ጀማነሽ ልጅ።

ባይሳና ወዳጆ በደርግ ጊዜ ከዚሁ ከካዛንቺስ ታፍሰው፣ በአንድ መኪና ተጭነው ወደ ሰሜን የሄዱ ጓደኛሞች ነበሩ። ባይሳ ምሽግ ውስጥ ባገኘው ካርቶን ላይ አዛዦቹን ይሥላል፤ ወታደሩ እየተቀባበለ ይስቃል። አንድ ጊዜ ባይሳ ቆስሎ ወደ ኋላ ተወሰደ። እሱ በሌለበት ያ የአዛዡ ሥዕል ወዳጆ ኪስ ውስጥ ተገኘ። ማን ሣለው ሲሉት «እኔ» አለ። ረሸኑት። ባይሳ ከቁስሉ አገግሞ ሲመለስ ያንኑ ሥዕል በወረቀት ላይ እንደገና ሣለው፤ ከአዛዡ ሥርም ጓደኛውን ጨመረበት። ከዚያ ወዲያ ሥዕል የሚባል ነገር አልሣለም።

ወዳጆ ፎቶ አልነበረውም። እናቱ በየዓመቱ በሚካኤል ዕለት ይመጣሉ፤ ባይሳ ሥዕሉን ከቁም ሣጥን አውጥቶ ፊታቸው ያስቀምጥና በሩን ዘግቶ ይወጣል። እጸገነት ልጅ ሳለች «አብረሃቸው ለምን አትቀመጥም?» ብላው ነበር።

«ከልጃቸው ጋር ናቸው» አላት። «እኔ መሀል ምን ጥልቅ አደረገኝ?»

«ኪዱ!»

የእጸገነት ድምፅ ድንኳኑን ጸጥ አሰኘው። ታናሽ ወንድሟ ደጅ ከዕድሩ ሰዎች ጋር ወንበር ይደረድር ነበር። ክንዱን ጨምድዳ ወደ ጓሮ ወሰደችው።

«ወዳጆ የታለ?»

«እጹ፣ በቃ፣ አሁን ሰዓቱ አይደለም...»

«የታለ አልኩህ!»

«ማለቴ... ደንበኛ አይወደውም። ሳሎኑ ውስጥ የሚረገጥ ሰው የሚሰቅል የለም፤ ይጨንቃል። አዛዡ ግን ያስቃል።»

«አባዬ የቀለደበትን ሰውዬ ጌጥ አደረግኸው። የተረገጠውን አውጥተህ ጣልከው። የረሸኑትስ ከዚህ ሌላ ምን አደረጉ?»

«ሰው እንዲያየው ብዬ ነው! ቁም ሣጥን ውስጥ ሊበሰብስ ነበር እኮ!»

«አባዬ ያውቅ ነበር?»

«ሆስፒታል ነበር...»

«ዋናውስ የት ነው?»

ኪዱ አቀረቀረ። «ስካነሩ ላይ አልበቃ አለ።»

«ኪዱ።»

«ቆረጥኩት።»

እጇ ለጥፊ ተነሣ። አዲስ ለቀስተኞች በአጥሩ በር እየገቡ ነበር፤ አወረደችው።

«ቁራጩን ይዘህ ና። ካላገኘኸው እዚህ ቤት ለቅሶ እንዳትቀመጥ!»

ኪዱ ወደ ኡራኤል ሮጠ። ለቀስተኞቹ «እግዜር ያጥናችሁ» ሲሏት እጸገነት ጭንቅላቷን ዝቅ እያደረገች ተቀበለች። ሊዲያ ሥዕሉን ከአሮጊቷ ጭን ላይ ቀስ ብላ አነሣች፤ የአዛዡን ፊት ወደ ደረቷ አዙራ፣ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች።

ኪዱ በላብ ተነክሮ ገባ። ከሥራ ጠረጴዛው ጀርባ ከቁርጥራጭ ወረቀት ጋር ወድቆ ነበር ያገኘው። እማማ ጀማነሽ በሁለት እጃቸው ተቀበሉት።

«እማማ፣ ከላይኛው ጋር መልሼ አጣብቀዋለሁ። ዛሬውኑ።»

አሮጊቷ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ምላጩ ያለፈው ከአዛዡ ቡትስ ጫማ ሥር ነው። የቀረው የወዳጆ ፊት፣ ትከሻውና ባዶ እግሩ ነበር።

«ተው ልጄ» አሉ። «እንዳታጣብቅብኝ። ሰውየው ከላዩ ወርዶለታል።»

ኪዱ በረጅሙ ተነፈሰ።

«የተዉልህ እሳቸው ናቸው» አለችው እጸገነት፣ ዓይኑን እያየች። «እኔ አይደለሁም።»

እማማ ጀማነሽ ወረቀቱን ጠቅልለው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ሊቋጥሩት ሞከሩ። ጣታቸው አልታዘዝ አላቸው። እጸገነት ፊታቸው ተንበረከከች፤ ጫፉን ተቀብላ ቋጠረችው፤ እንዳይፈታም አጥብቃ ደገመችው።