ዲስክ የሌለው ላፕቶፕ

በዛወርቅ ማብሪያውን ለአራተኛ ጊዜ ተጫነችው። ማራገቢያው ትንሽ ዞረ፤ ላፕቶፑ ሦስት ጊዜ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ አለ፤ ስክሪኑ ግን እንደ ጠቆረ ቀረ።

«ኧረ በእመቤቴ፣» አለች ለራሷ፣ በቀጣዩ ክፍል ያለችው ነርስ እንዳትሰማት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ላፕቶፑ በመዝገብ ሠራተኝነት የምትሠራበት የጤና ጣቢያ ነው። እየተንቀራፈፈ ሥራ ስላስፈታት አዲስ አበባ አብሯት ሥልጠና የወሰደ ጓደኛዋ የሚያፈጥነው ተጨማሪ ሜሞሪ በአውቶቡስ ሾፌር ላከላት። እሱ በስልክ እየነገራት የላፕቶፑን የታች ክዳን ፈትታ፣ አዲሱን ሜሞሪ ከአሮጌው ጎን ሰክታ ዘጋችው። ከዚያ ወዲያ አልነሳ አለ። ጓደኛዋን መልሳ ልታገኘው ብትሞክር ኔትወርክ የለም። የከፈተችው ደግሞ አለቃ ሳያዛት በራሷ ፈቃድ ነው።

እሷን ያስፈራት ግን የአለቃ ቁጣ አይደለም። በጤና ጣቢያው የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሁሉ እዚያ ውስጥ ናቸው፤ መቶ ሰማንያ ስድስት ሰው፣ ከነስማቸው፣ ከነቀበሌያቸው። ሰኞ የማን ቀጠሮ እንደሆነ፣ ማን እንዳቋረጠ የምታውቀው ከዚያ ዝርዝር ነው። ከስሞቹም አንዱ የራሷ ነው። ይህን ከነርሷ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም፤ እናቷ እንኳ ልጃቸው የምትውጠው የጨጓራ መድኃኒት ይመስላቸዋል።

ከዘመሮ ወዲያ ባለችው በዚያች ትንሽ ከተማ በ2003 ዓ.ም. ላፕቶፕ ፈትቶ የሚገጥም አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ መናኸሪያው አጠገብ ሞባይል የሚጠግነው መሳፍንት። ሱቁ ሰው አይጠፋበትም። ላፕቶፑ የይለፍ ቃል የለውም፤ ከተነሣ ዝርዝሩ ከፊት ነው። ባለፈው ዓመት የአንዲት ጠላ ሻጭ የመድኃኒት መከታተያ ካርድ ሰው እጅ ገብቶ፣ በሳምንቱ ደጇን የሚረግጥ ጠፋ። ሴትዮዋ ቤቷን ዘግታ ወደ ራቤል ተሰደደች።

በዛወርቅ ይህን አሰበች። ክዳኑን እንደገና ፈታችው። ዝርዝሩ የተቀመጠበት ዲስክ የት እንዳለ ጠዋት አይታዋለች። አውጥታ በመሐረብ ጠቀለለችውና ከሹራቧ ሥር፣ ደረቷ ላይ ሸጎጠችው። ላፕቶፑን ይዛ ከተማዋን በሸፈነው ጉም ውስጥ ወደ መሳፍንት ሱቅ ስትሄድ ሰላም ያላት ሁሉ ደረቷን የሚያይ መሰላት።

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች እስኪወጡ ቆየች። መሳፍንት ነገሩን አዳምጦ ሁለቱንም ሜሞሪዎች አወጣ፤ ጫፋቸውን በላጲስ ፈተገ። አሮጌውን ብቻ ሲሰካ ስክሪኑ በራ። ከዚያ አጥፍቶ አዲሱን ከጎኑ ሰካና በአውራ ጣቱ ገፋው፤ ቀጭ አለ።

«ጠልቆ አልገባም ነበር፣» አላት። «ፈርተሽ ነው ያልገፋሽው።»

ስክሪኑ አሁንም በራ፤ የወጣው ግን ዲስክ አላገኘሁም የሚል ጽሑፍ ነበር። ላፕቶፑን ገልብጦ ባዶውን ቦታ አየ።

«ዲስኩ የታለ?»

«ቢሮ ነው፣» አለች። እጇ ግን ሳታዘው ወደ ደረቷ ሄደ። መሳፍንት እጇን አየው። ተነሥቶ በሩን ገርበብ አደረገው።

«ዝርዝሩ እሱ ውስጥ ነው፣ አይደለም?»

በዛወርቅ ሹራቧን ይበልጥ ወደ ራሷ ሳበች።

«እኔም ያንን ዝርዝር ስፈራው ነው የኖርኩት፣» አለ፣ ጠረጴዛውን እያየ። «ደብረ ብርሃን የምመላለሰው ዕቃ ላመጣ ይመስላችኋል። መድኃኒቴን ነው የማመጣው፤ አራት ዓመት ሆነኝ። እዚህ ብመዘገብ አንድ ቀን ስሜ ሰው እጅ ይገባል ብዬ። ባለፈው ክረምት መንገዱ ተቆርጦ ዘጠኝ ቀን ያለ መድኃኒት ከረምኩ።»

ዘጠኝ ቀን ማለት ምን እንደሆነ በዛወርቅ ታውቃለች። ያቋረጡትን የምትመዘግበው እሷ ናት፤ ከመካከላቸው የሞቱትንም።

መሳፍንት መፍቻውን ወደ እሷ ገፋ አደረገላት። «ራስሽ ግጠሚው። እኔ አላይም፣» አለና በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቷት ቆመ።

አንዱ ብሎን ወለሉ ላይ ወደቀባት፤ ጎንበስ ብላ ፈልጋ አነሣችው። ገጥማ ስትጨርስ ማብሪያውን ተጫነች። ተነሣ። ዝርዝሩን እስከ ታች ወረደችበት፤ አንድም ስም አልጎደለም። ክዳኑን ከድና ላፕቶፑን ብብቷ ሥር አደረገችው።

«ተነሥቷል፣» አለችው።

መሳፍንት ግን ፊቱን አላዞረም። አንገቱ ተገትሮ፣ እጁ የበሩን ጠርዝ ጨብጦ ነበር። ያን ጊዜ ነው የገባት፤ አሁን የሚፈራው እሱ ነው። የሚፈራውም እሷን ነው። አመስግና ብትወጣ ምስጢሩን ይዛበት ወጣች ማለት ነው።

ላፕቶፑን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችውና በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«መሳፍንት፣» አለች ወደ ጀርባው። «እኔም መድኃኒቱን እወስዳለሁ። ሰባት ዓመት ሆነኝ።»